ቀጠሮው ተቀየረ፣ ስልኬ ግን አልሰማም

ነገሩ የሆነው ጥር ላይ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት የቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ፤ በርሊን ካለ አንድ ትንሽ ድርጅት ጋር። ሥራው እዚሁ ወላይታ ሶዶ ሆኖ የሚሠራ፣ የገበያ መረጃ መሰብሰብና ማጠናቀር ነው። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ከዚያ በኋላ ‹‹ሥራ አገኘሽ ወይ?›› የሚለውን ጥያቄ ስመልስ ለከረምኩት ለኔ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ሰፈራችን መብራት የለም። ስልኬ 40 በመቶ ላይ ነው። መቼም ኢኮኖሚክስ ተምሬ የለ? ውስን ሀብት በቁጠባ ነው የሚያዘው ብዬ ዳታውን አጠፋሁ፣ ባትሪ ቆጣቢውን አበራሁ፣ የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። ጠዋትም አልነካሁትም። ሁሉንም ነገር ለ7 ሰዓት እያስቀመጥኩ ነበር። ቀጠሮው ካሌንደሬ ላይ አለ፣ ከ10 ደቂቃ በፊት እንዲያስታውሰኝ ሞልቼዋለሁ፤ ከዚህ በላይ ምን አለ?

መናኸሪያው አካባቢ ጄኔሬተር ያለው ካፌ ገብቼ ጥግ ያዝኩ። ልክ 7 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። ዳታ አበራሁ። ሦስት መልእክት ተከታትሎ ገባ። የመጀመሪያው ማታ 3 ሰዓት ላይ የተላከ ነው፤ ‹‹ቃለ መጠይቁ በግማሽ ሰዓት ቀድሟል›› ይላል። ሁለተኛው ‹‹እየጠበቅንዎት ነው›› የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ከሦስት ደቂቃ በፊት የገባው፣ አጭር ነበር፤ ‹‹ሊገናኙን ስላልቻሉ በሌሎች አመልካቾች እንቀጥላለን፤ መልካም ዕድል።››

ይቅርታ ጠይቄ ጻፍኩ። መልስ አልመጣም። ለቃለ መጠይቁ ስል ባትሪ ስቆጥብ ቃለ መጠይቁን አጣሁት። ማኪያቶዬም ቀዘቀዘ።

ሁሉም አረንጓዴ ነው

እቤት ስገባ መጀመሪያ ያደረግኩት ጥፋተኛ መፈለግ ነበር። ትላልቆቹ የክላውድ ኢሜይል አቅራቢዎች አገልግሎታቸው እየሠራ መሆን አለመሆኑን የሚያሳይ ገጽ አላቸው። ኢሜይል፣ ካሌንደር፣ የፋይል ማስቀመጫ እያለ ይዘረዝርና ደህና ከሆነ አረንጓዴ ምልክት፣ ችግር ካለ ሌላ ቀለም ያሳያል። ገባሁና አየሁ። የዋዜማውም የዕለቱም ሁሉም አረንጓዴ ነው። ካሌንደሩ አንድ ደቂቃ እንኳ አልተቋረጠም።

ጉዱ ምን መሰላችሁ? ገጹ አልዋሸም። ሰርቨሩ ደህና ነበር። ለውጡ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተመዝግቦ ቁጭ ብሏል። ስልኬም አልዋሸም። በያዘው መረጃ መሠረት በሰዓቱ ጮኸ። ብቻ የጮኸው ማታውኑ ለተሻረ ቀጠሮ ነው። ሁለቱም ልክ ሆነው መሀል ላይ ያለሁት እኔ ሥራ አጣሁ።

ይህን ለመረዳት ካሌንደር እንዴት እንደሚሠራ ትንሽ ማወቅ ይጠይቃል። ስልካችሁ ላይ የምታዩት ካሌንደር ኮፒ ነው። ዋናው መዝገብ ያለው ከባሕር ማዶ ሰርቨር ላይ ነው። ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ ከዋናው ጋር ይተያያል፣ የጎደለውን ይሞላል፣ የተቀየረውን ያስተካክላል፤ ሲንክ የሚባለው ይኸው ነው። ማስታወሻው ደወል ግን ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ስልኩ ውስጥ ካለው ኮፒ ነው። ለዚህ ነው ያለ ዳታም የሚጮኸው። በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን ኮፒው ያረጀ ከሆነ በሙሉ ልብ የተሳሳተ ሰዓት ይነግራችኋል። ሲጮህ ደግሞ ያረጀ ነው አይልም።

ሮቦቱ የሚያየውና እኔ የማየው

በትልልቅ ድርጅቶች የኢሜይልና የካሌንደር አገልግሎትን መከታተል ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አሠራሩን ሳነብ ደስ ብሎኛል። አንድ ፕሮግራም፣ ሮቦት በሉት፣ በየጥቂት ደቂቃው እንደ ሠራተኛ ሆኖ ይገባል። የሙከራ ቀጠሮ ይፈጥራል፣ ሌላ የሙከራ አካውንት ይጋብዛል፣ የተጋባዡ ሰዓት ክፍት መሆኑን ይጠይቃል፣ ግብዣው ሲደርስ ይቀበላል፣ በመጨረሻ ያጠፋዋል። እያንዳንዱ እርምጃ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ ይመዘግባል። አንዱ እርምጃ ከተለመደው በላይ ከዘገየ ለባለሙያው ማስጠንቀቂያ ይሄዳል። በዚህ መንገድ ሠራተኞች ‹‹ካሌንደሩ እምቢ አለን›› ብለው ከመጮሃቸው በፊት ችግሩ ይታያል።

ወሳኙ ጥያቄ ግን ሮቦቱ የት ተቀምጦ ነው የሚያየው የሚለው ነው። ፍራንክፈርት ያለ ሮቦት ፍራንክፈርት ያለውን ሰርቨር ቢለካ ውጤቱ ሁሌም ያማረ ነው። የኛ መንገድ ረዥም ነው። ኢትዮጵያ ባሕር በር ስለሌላት ኢንተርኔቷ በጎረቤት አገሮች በኩል አልፎ ነው የባሕር ውስጥ ኬብል የሚያገኘው። ሶዶ ላይ ሲሆን ደግሞ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጨምሮ፣ ከዚያ የሰፈሩ ማማ፣ ከዚያ የሰፈሩ መብራት፣ ከዚያ የስልኩ ባትሪ አለ። ሮቦቱ ከነዚህ አንዱንም አያይም።

ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ሮቦቱ እኔ ልሁን አልኩ።

የደብተሬ ነገር

አሠራሩ ቀላል ነው። አዲስ አበባ ያለች ጓደኛዬ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ፣ የሙከራ ቀጠሮ ትልክልኛለች። አንዱ አዲስ ነው፣ አንዱ ሰዓቱ የተቀየረ፣ አንዱ የተሰረዘ። እሷ የላከችበትን ሰዓት ትጽፋለች፤ እኔ ስልኬ ላይ የታየበትን። ማታ በቴሌግራም እናስተያያለን። ‹‹አንቺ ልጅ ጤነኛ ነሽ?›› ያለችኝ በሁለተኛው ቀን ነው፤ ግን አላቋረጠችም።

የገመትኩት ጥፋቱ የኔ ብቻ እንደሆነ ነበር፤ ዳታ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ደብተሩ ግን ሌላም ነገር ነገረኝ።

አንደኛ፣ ስልኩ በእጄ ሆኖ አፑ ክፍት ከሆነ፣ ኔትወርኩም ደህና ከሆነ፣ ለውጡ የሚደርሰው በሰከንዶች ነው። ይህን ሳይ ሰርቨሩን ማማት ተውኩ።

ሁለተኛ፣ ዳታ በርቶም ቢሆን ባትሪ ቆጣቢው ከበራና ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ዝም ብሎ ከተቀመጠ፣ ለውጡ የሚገባው ብዙ ጊዜ ስልኩን ሳነሳው ነው። ይህ ብልሽት ሳይሆን ሆን ተብሎ የተሠራ ነገር ነው። አንድሮይድ እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው ስድስተኛ ዕትሙ ጀምሮ፣ ቻርጀር ላይ ያልሆነና ስክሪኑ ጠፍቶ ሳይነቃነቅ የቆየ ስልክ ውስጥ ያሉ አፖች ከጀርባ የሚሠሩትን እየሰበሰበ አልፎ አልፎ ብቻ ያስኬዳል። ለባትሪ ትልቅ ነገር ነው። ባትሪ ቆጣቢውን ስንጨምርበት ደግሞ ገደቡ ይጠብቃል። መብራት በማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ባትሪ ቆጣቢ የሚያበራው አልፎ አልፎ ነው፤ እኛ ግን የምናበራው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ማለትም ብዙ ጊዜ።

ሦስተኛ፣ አዲስ ቀጠሮ ሲዘገይ ጉዳቱ ትንሽ ነው፣ ቀኑ ሩቅ ስለሆነ ይደርሳል። አደገኛው የተቀየረ ቀጠሮ ነው። አሮጌው ኮፒ ስልኩ ላይ ቁጭ ብሎ ስለሚጠብቃችሁ የጎደለ ነገር ያለ አይመስልም። ባዶ ካሌንደር ቢሆን ‹‹ምን ነካው?›› ብላችሁ ትፈትሻላችሁ። የተሳሳተ ካሌንደር ግን አያጠራጥርም።

አራተኛውን ያገኘሁት በአጋጣሚ ነው። አንዳንድ ካሌንደር በግብዣ ሳይሆን በሊንክ ነው የሚታከለው፤ የትምህርት ፕሮግራም፣ የኳስ ጨዋታ ሰሌዳ፣ የበዓላት ዝርዝር በዚህ መልክ ይለቀቃል። በሊንክ የገባ ካሌንደር የሚታደሰው አገልግሎቱ በራሱ ጊዜ ሄዶ ሲያየው ነው፤ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የፈተና ፕሮግራም በዚህ መንገድ የምትከታተሉ ተማሪዎች ካላችሁ፣ ዛሬ ጠዋት የተቀየረው ዛሬ ጠዋት ላይታያችሁ እንደሚችል ዕወቁት።

99.9 በመቶ የማን ነው?

እዚህ ላይ የተማርኩት ትምህርት ትዝ አለኝ። ለድርጅቶች የሚሸጡት ዋና ዋና የክላውድ ኢሜይል አገልግሎቶች በውላቸው ውስጥ በወር 99.9 በመቶ እንሠራለን ብለው ቃል ይገባሉ። ቁጥሩ ግሩም ነው። ስናሰላው በ30 ቀን ውስጥ 43 ደቂቃ ያህል ቢቋረጥ ውሉ አልፈረሰም ማለት ነው፤ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካነሰ ከፋይ የሆነው ድርጅት የተወሰነ ማካካሻ ይጠይቃል፤ ለምሳሌ ተጨማሪ የአገልግሎት ቀናት ወይም የሒሳብ ቅናሽ። በነፃ የሚጠቀም ሰው፣ ማለትም እኔና ምናልባትም እናንተ፣ ውሉ ውስጥ የለንበትም።

በእርግጥ ሰርቨሩም ወድቆ ያውቃል። ሰኔ 11 ቀን 2011 ዓ.ም. የጎግል ካሌንደር በዓለም ዙሪያ ለሦስት ሰዓት ገደማ ጠፍቶ ነበር። ታኅሣሥ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጠቃሚውን ማንነት የሚያረጋግጠው ሥርዓት ስለተቸገረ ጂሜይልና ካሌንደርን ጨምሮ ብዙ የጎግል አገልግሎቶች ለሦስት ሩብ ሰዓት ያህል አልከፍት አሉ። ጥር 17 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት በኔትወርኩ ላይ ያደረገው አንድ ለውጥ አውትሉክንና ቲምስን ለሰዓታት አወከ። እያንዳንዱ የዓለም ዜና ሆነ።

አሁን ከኛ ጎን እንየው። የጎግል ካሌንደር ሦስት ሰዓት በጠፋበት በዚያው ሰኔ 2011 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋርጦ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለሦስት ሳምንት ያህል በአገር አቀፍ ደረጃ ኢንተርኔት ጠፍቷል። በነዚያ ሳምንታት የሰርቨሮቹ ገጽ ላይ የኛ መጥፋት ቀይ አያሳይም፤ ከነሱ አንጻር ምንም አልተበላሸምና። 99.9 የነሱ ቁጥር ነው። የኔ ቁጥር ስንት እንደሆነ የሚያውቅልኝ የለም፤ ካልለካሁት በስተቀር።

ኢኮኖሚክስ ክፍል ውስጥ ‹‹ወጪውን የሚሸከመው ማነው?›› የሚል ጥያቄ አለ። ድርጅቱ ቀጠሮውን ማንቀሳቀስ ምንም አያስከፍለውም፤ ሁለት ጊዜ መንካት ነው። ለውጡ ባይደርስ ኪሳራው ሙሉ በሙሉ የተጋባዡ ነው። ለመቀየር ርካሽ የሆነ ነገር ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። በርሊን ላለው ሰው ግማሽ ሰዓት ማሳብ ተራ ነገር ነው፤ ለውጡ ወዲያው ስልኩ ላይ ይታየዋላ። ሌላውም ጋ እንደዚያው የሚታይ ይመስለዋል። ክፋት የለበትም፤ ግን ዋጋውን የከፈልኩት እኔ ነኝ።

‹‹3 ሰዓት›› ስንት ሰዓት ነው?

ሲንኩን ስከታተል ሌላ መፋረሻም አገኘሁ፤ እሱ የኔትወርክ አይደለም፣ የሰዓት አቆጣጠር ነው። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት የምንለውን ካሌንደሩ 9:00 ይለዋል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ በየቀኑ በጭንቅላታችን 6 እየደመርን እየቀነስን ነው የምንኖረው። ችግሩ በችኮላ ስንጽፍ ነው። ‹‹3 ሰዓት እንገናኝ›› የተባለውን በቀጥታ 3:00 ብላችሁ ከሞላችሁ፣ ካሌንደሩ ወይ ሌሊት 9 ሰዓት ወይ ከቀኑ 9 ሰዓት ያደርገዋል።

የሌሊቱ ደግሞ ይብሳል። በኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ያው የማክሰኞ ሌሊት ነው። ለካሌንደሩ ግን ቀኑ የሚቀየረው በኛ ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ ያ ሰዓት ረቡዕ 1:00 ነው። አሜሪካ ካለ ሰው ጋር በሌሊት የምትሠሩ ልጆች ቀን ሙሉ ልትሳሳቱ የምትችሉት እዚህ ላይ ነው።

ከውጭ ሰው ጋር ሲሆን ሌላም አለ። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሰዓታችንን አንነካም። አውሮፓውያን ግን በማርች የመጨረሻ እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በኦክቶበር የመጨረሻ እሁድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ያደርጋሉ። በክረምታቸው ከበርሊን የምንለየው በ2 ሰዓት ነው፤ በበጋቸው በ1 ሰዓት። በርሊን ላይ በየሳምንቱ 10:00 የሚደረግ ስብሰባ በጥር ለኛ ከቀኑ 6 ሰዓት ነው፣ በግንቦት ግን 5 ሰዓት። ካሌንደሩ ይህን ራሱ ያስተካክላል፤ የሰዓት ክልሉ ልክ ከተሞላ። አዲስ አበባ የሚል ምርጫ ካጣችሁ ናይሮቢ ብላችሁ ምረጡ፣ አንድ ነው።

የቀኑ አቆጣጠርስ? እናቴ ዕቁቧን የምትጥለው በየወሩ በ12 ነው። ካሌንደሬ ላይ ልሙላላት ብዬ መስከረም 12ን ሴፕቴምበር 22 አድርጌ ‹‹በየወሩ ይደገም›› አልኩ። ጥቅምት ላይ ልክ ነው፤ ኦክቶበር 22 ላይ ይውላል። ኅዳር ላይ 21 ሆነ፣ ጥር ላይ 20፣ የካቲት ላይ 19። የኛ ወር እኩል 30 ቀን ነው፣ የነሱ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ቋሚ ቀን በየወሩ ይንሸራተታል። ካሌንደሩ ባለው ሕግ መሠረት ሥራውን በትክክል ሠርቷል። ሕጉ ነው የኛን ወር የማያውቀው።

የሚገርመው የተሠራበት ቋንቋ የኛን አቆጣጠር ማወቁ ነው። ካሌንደሮች እርስ በርስ የሚግባቡበት የጋራ ደረጃ አለ፤ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ሲሆን፣ የድግግሞሽ ሕጉ በፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ የተመሠረተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌሎች የዘመን አቆጣጠሮችን የሚፈቅድ ተጨማሪ ወጣ። በዚያ ሰነድ ውስጥ ከተሰጡት ምሳሌዎች አንዱ ምን ይመስላችኋል? የኢትዮጵያ 13ኛ ወር፣ ጳጉሜ! ግን ደረጃው ስለፈቀደ ሁሉም አፕ ይሠራበታል ማለት አይደለም።

ጊፋታን አስቡት። የወላይታ ዘመን መለወጫ በአብዛኛው ከመስከረም 14 እስከ 20 ባለው ጊዜ በሚውለው እሁድ ይከበራል። ዕለቱን የጨረቃን ሁኔታ እየተከታተሉ የሚያሰሉ አዋቂ ሽማግሌዎች እንደነበሩ ይነገራል። ዳሞታ ተራራ ሥር ተቀምጠው ሰማይ የሚያዩት አባቶች ሥራቸው ምን ነበር? መከታተል። አይተው፣ አስበው፣ ለሕዝቡ በጊዜ ማሳወቅ። የማሳወቁ ነገር ዋናው መሆኑን ልብ በሉ፤ ቀኑን አንድ ሰው ብቻ ቢያውቀው በዓል አይሆንም።

ምን እናድርግ?

ከሦስት ሳምንቱ ደብተር በኋላ ልማድ ያደረግኳቸውን ልንገራችሁ። ለማንም ገንዘብ አያስወጡም።

አንድ፣ የራሳችሁን መዘግየት አንድ ጊዜ ለኩ። ጓደኛችሁ ቀጠሮ ይላክላችሁ፣ ከዚያ ሰዓቱን ይቀይር። ስልኩን ሳትነኩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡትና ለውጡ መቼ እንደገባ እዩ። አንድ ጊዜ ባትሪ ቆጣቢው በርቶ፣ አንድ ጊዜ ጠፍቶ። አሥር ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት የናንተ ቁጥር ያ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ 99.9 ቢነግራችሁ ትስቃላችሁ።

ሁለት፣ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ለካሌንደርና ለኢሜይል አፖቹ ብቻ የባትሪ ገደቡን አንሱላቸው። ለሌላው ይቆይ። የአካውንቱ ሲንክ መብራቱንም እዩ፤ የኔ አንድ ጊዜ ጠፍቶ አግኝቼዋለሁ፤ መቼ እንዳጠፋሁት አላስታውስም።

ሦስት፣ አስፈላጊ ቀጠሮ ባለባችሁ ቀን ማታ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ጠዋት ስትነሱና ሁለት ሰዓት ሲቀረው ዳታ አብሩና ካሌንደሩን ወደ ታች ስባችሁ አድሱት። የሚበላው ዳታ ከምንም አይቆጠርም። እኔ ያን ቀን ጠዋት አንድ ደቂቃ ዳታ ባበራ ኖሮ ይህን ጽሑፍ አታነቡትም ነበር።

አራት፣ ግብዣ ስትቀበሉ ‹‹እሺ›› ብቻ አትበሉ። አንድ መስመር ጨምሩ፦ ‹‹ያለሁበት አካባቢ መብራትና ኔትወርክ ሊቋረጥ ይችላል፤ ሰዓት ከተቀየረ እባክዎ በአጭር መልእክት ያሳውቁኝ።›› ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ። መጀመሪያ ሲታይ ራስን ማሳነስ ይመስላል፤ እኔም አፍሬ ነበር። ግን ቀጣሪ የሚፈልገው ችግር የሌለበት ሰው ሳይሆን ችግሩን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ነው።

አምስት፣ ሰዓት ስትጽፉ ሁለቱንም ጻፉ፤ ‹‹ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በፈረንጅ 13:00››። ለውጭ ሰው ደግሞ የማን አገር ሰዓት እንደሆነ ጨምሩበት።

ቀጠሮ ለምትሰጡም አንድ ቃል አለኝ፤ ክፍለ አገር ያለ ልጅ ለቃለ መጠይቅ የምትጠሩ የአዲስ አበባ ድርጅቶች በተለይ። የቀየራችሁትን ሰዓት ተጋባዡ ማየቱን ካላረጋገጣችሁ አልቀየራችሁትም። አንድ ስልክ መደወል ነው። ሳትደውሉ ‹‹ሰዓት የማያከብር›› ብላችሁ የምታልፉት ልጅ ምናልባት አንድ ሰዓት ቀድሞ ካፌ ገብቶ የተቀመጠ ነው።

እኔ አሁን በሳምንት ሁለት ቀን የምሠራው ሥራ አግኝቻለሁ፤ በርሊን አይደለም፣ ሌላ ቦታ። ለቃለ መጠይቁ ያቺን አንድ መስመር ጽፌ ነበር። እውነትም ከዋዜማው ሰዓቱ ተቀየረ፤ መብራትም አልነበረም። ግን አጭር መልእክት ገባልኝ። ስልኩ የቀረው 12 በመቶ ባትሪ ነበር፤ ለመልእክት ይበቃል።

እናቴ ስማርት ስልክ የላትም። ዕቁቧን ግን አንድም ወር አሳልፋ አታውቅም። ሚስጥሩ ምንድን ነው ብላት ‹‹ከዋዜማው ሰብሳቢዋ ቤት ጎራ እላለሁ፤ ነገ ነው ወይ? እላታለሁ›› አለችኝ። በቃ፣ ሲንክ ማለት ይኸው ነው። አሁን እኔ ማታ ማታ ስልኬን ስነካካ ስታየኝ ከጓዳ ሆና ትጠይቀኛለች፦

‹‹ነገ ነው ወይ?››

አይቼ እመልስላታለሁ።